በሲግኔ ላይ ያልወረደው በረዶ

ሲግኔ ሃልቮርሰን ደብዳቤውን ለአርቮ ኬቶላ ከሰጠች አምስት ቀን ሆኗታል። በእነዚህ አምስት ቀናት መጋረጃው ስድስት ጊዜ ተከፍቶ ስድስት ጊዜ ተዘግቷል። መልስ ግን የለም።

ደብዳቤው አጭር ነበር። ሲግኔ ነገር ማብዛት አትወድም። መጀመሪያ በእርሳስ ጻፈችው፣ የማያስፈልገውን ሰረዘች፣ የቀረውን በቀለም ገለበጠች። ሁለት ነገር ብቻ ቀረ። አንደኛው ወሬ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ የባሌት ቡድን ተቀብሏት በገና ማግስት ጠዋት በባቡር ልትሄድ ነው። ሆኖም ሐኪሙ የግራ ቁርጭምጭሚቷ አንድ ጊዜ እንኳ ዳግመኛ ከዞረ ውሉ እንደሚቀር ነግሯታል፤ የበረዶው ጭፈራ በመጣ ቁጥር ትፈራለች። ሁለተኛው ጥያቄ ነው። «እንድጠብቅህ ትፈልጋለህ? አዎ ወይም አይ በለኝ።»

አርቮ ከመድረኩ በላይ፣ ሦስት ፎቅ ከፍታ ላይ ባለች ጠባብ የእንጨት ድልድይ ላይ ቆሞ ገመድ የሚስብ ሰው ነው። መጋረጃውን የሚያወጣና የሚያወርድ፣ በረዶውን የሚያዘንብ እሱ ነው። አባቱ ወደቡ ላይ የብረት ማዕድን በመርከብ ሲጭን የኖረ ፊንላንዳዊ ነው። የሲግኔ አባት ደግሞ ዳገቱ ላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ የሚኖር የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ እናቷም ቲያትር ቤቱን የሚደግፉት ወይዛዝርት ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። በሐይቅ ዳር በተሠራችው በዱሉት ከተማ ከወደቡ እስከ ዳገቱ ድረስ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ላይሄደው ይችላል።

ሁለቱ የተዋወቁት በፀጉር መያዣ ሽቦ ነው። የመድረኩ በረዶ ወረቀት ነው። ከየትርኢቱ በኋላ ተጠርጎ፣ ተነፍቶ፣ ለነገ ተመልሶ ይሰቀላል። ከዳንሰኞቹ ፀጉር የወደቀ ሽቦ፣ ከቀሚሳቸው የረገፈ ቁልፍ አብሮ እንዳይዘንብ አርቮ በወንፊት ያበጥረዋል። የሌሎቹን ሽቦ ሰብስቦ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ይተውላቸዋል። የሲግኔን ግን በወረቀት ጠቅልሎ በእጇ ይሰጣታል። ካቻምና ክረምት አንድ ቀን «የኔ መሆኑን በምን አወቅህ?» ብትለው፣ መሬት መሬት እያየ «ያንቺ ጫፉ ትንሽ የተጣመመ ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲተያዩ ኖረዋል። ቃል ግን ያወጣ የለም፤ እሷ እስከጻፈችበት ቀን ድረስ።

አሁን ነገሩ ቁርጥ ነው። ዛሬ የገና ዋዜማ ነው፤ የዓመቱ የመጨረሻ ትርኢት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይጀምራል። ሲግኔ ለራሷ ቃል ገብታለች። መጋረጃው ዛሬ እስኪዘጋ መልስ ካላገኘች፣ የአርቮን ስም ዳግመኛ ላታነሳ።

እውነቱን ለመናገር ግን መልሱን ቀድማ ያገኘች ይመስላታል።

የበረዶው ጭፈራ ሴቶች አሥራ ስድስት ናቸው። ከእናቶቻቸው ዘመን ጀምሮ የያዙት አንድ ልማድ አለ። ጭፈራው አልቆ ወደ ልብስ መቀየሪያው ሲገቡ እያንዳንዷ ራሷን ጎንበስ አድርጋ ፀጉሯ ላይ የቀረውን ወረቀት መስተዋቱ ፊት ታራግፋለች። ብዙ ያራገፈች በዓመቱ ትወደዳለች። ፀጉሯ ንጹሕ ሆኖ የተመለሰች ብቻዋን ትከርማለች ይላሉ።

«አርባ ሦስት!» ብላ ጮኸች ሰኞ ዕለት ማርቪስ የምትባለው ወፍራም ድምፅ ያላት ልጅ። «እናንተ፣ አርባ ሦስት ባል ምን አደርገዋለሁ?»

«አንዱን ለኔ፣ አርባ ሁለቱን ለእናትሽ» አለቻት ሌላዋ።

«ሲግኔ ስንት አላት? እስቲ አራግፊ።»

ሲግኔ አጎነበሰች። አንዲትም አልወደቀችም።

«ውይ! እንደ ታጠበ ሳህን!» አለች ማርቪስ። «አንቺ ልጅ፣ ከላይ ያለውን ሰውዬ ምን ብትይው ነው?»

ሁሉም ሳቁ። ሲግኔም አብራ ሳቀች። ማክሰኞም አንዲት አልነበረችም። ረቡዕ ግን መሳቋን ትታ መመልከት ጀመረች። ነገርን ሳትለካ የምታምን ሰው አይደለችም። ከጭፈራው መጨረሻ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ ወለሉን አየች። መድረኩ ሁሉ ነጭ ነው። እሷ የምትዞርበት ቦታ ብቻ፣ ከግራው ጠርዝ አጠገብ፣ ሁለት እርምጃ በሁለት እርምጃ ጥቁር ወለል ሆኖ ቀርቷል። በማግስቱም ያው ቦታ፣ ያው ስፋት። በአጋጣሚ የሆነ ነገር ከቀን ቀን ይለዋወጣል፤ ይህ ግን ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ሆን ተብሎ ነው።

በረዶውን የሚያዘንበው አንድ ሰው ነው። ደብዳቤው የደረሰው እሁድ ነው። ፀጉሯ ባዶውን የቀረው ሰኞ ነው።

አይ ማለት ከዚህ በላይ በምን ይነገራል? ነውር የሌለበት፣ ቃል የማያባክን፣ ልክ እንደ አርቮ ያለ አይ ነው። ይህን ስታስብ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ እንደ ዕቃ፣ ድምፅ ሳያሰማ።

✻

በዋዜማው ቀን እናቷ ወይዘሮ ሃልቮርሰን ከሁሉም ቀድመው መጥተው የሲግኔን ቀሚስ ከጀርባዋ ይቆልፉላት ነበር። በቀሚሱ የውስጥ ገበር ላይ፣ ለብሰውት የጨፈሩት ሴቶች ስም በየተራ ተጽፏል። ከሁሉም በላይ የተጻፈው የእሳቸው የልጅነት ስም ነው።

የገና ዛፍ፣ አይጦችና ወታደሮች ያሉበት ይህ ባሌት ከሰማንያ ምናምን ዓመት በፊት ሩሲያ ውስጥ ሲወለድ ያጨበጨበለት ጥቂት ነበር። ልጅ በዝቶበታል፣ ታሪኩም ሳስቷል ብለው የናቁት ብዙ ናቸው። ውቅያኖስ ተሻግሮ ወደዚህ ሲመጣ ግን የሚያሳድገው አገኘ። ዱሉት የደረሰው በ1950 ነው። ጨርቅ አልነበረም፤ ወይዛዝርቱ የአልጋ ልብሳቸውን ቀደው ሰፉት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ገና አልፏል። በከተማዋ የተወለደች ልጅ በስድስት ዓመቷ አይጥ ትሆናለች፣ በአሥር ወታደር፣ በአሥራ ስድስት በረዶ። ከዚያ ታገባና ልጇን ይዛ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ልጇም አይጥ ትሆናለች።

«እማዬ፣ አይሰለችሽም?» አለች ሲግኔ። «በየዓመቱ ያው ዛፍ፣ ያው አይጥ፣ ያው በረዶ።»

«የሚሰለችማ አዲስ ነገር ነው» አሉ እናቷ ቁልፍ በጥርሳቸው ይዘው። «አዲስ ነገር ነገ ያረጃል። ይሄ ግን አርጅቶ ጨርሷል፤ ከእንግዲህ ምን ይሆናል? ሰው የሚመጣው ባሌቱን ሊያይ መሰለሽ? አምና አብሮት የመጣው ሰው ዘንድሮም አጠገቡ መኖሩን ሊያይ ነው።»

እናቷ በመስተዋቱ ውስጥ አዩዋት።

«ስለዚያ ልጅ ነው የምታስቢው። ስለ ገመድ ሳቢው።»

«ስለማንም አላሰብኩም።»

«ልጄ፣ አልሰድበውም። አባቱን ባለቤቴ ሐሞቱን ቀዶታል፤ ጨዋ ሰው ነው። ግን እኛ ቤት መጥቶ ቢቀመጥ ምን ያወራል? ከላይ ሆኖ ሲያይሽ የኖረ ሰው ታች ወርዶ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ያውቅሽ ይመስልሻል?»

«አትጨነቂ እማዬ» አለች ሲግኔ። ድምፅዋ ራሷን እስኪገርማት ድረስ የረጋ ነበር። «ጉዳዩ አልቋል።»

እናቷ የመጨረሻዋን ቁልፍ ቆለፉ። ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። እጃቸው ግን ከልጃቸው ትከሻ ላይ ቶሎ አልተነሳም።

✻

መጋረጃው ሊከፈት አንድ ሰዓት ሲቀረው ሲግኔ የአዲስ ጫማዋን ማሰሪያ ልትሰፋ ወደ ልብስ ክፍሉ ወረደች። እዚያ የምትነግሠው ሚስ ቤውላ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአፏ መርፌ ይዛ የምትናገር ሴት።

«ሚስ ቤውላ፣ ያንን ሮዝ ክር ይስጡኝ። ጠንካራውን።»

«አልቋል። ሂጂና ያንን ጓደኛሽን ጠይቂው።»

«የቱን ጓደኛዬን?»

«እዚያ ላይ ከእርግቦች ጋር የሚኖረውን። ሰኞ ጠዋት መጣና "የማይበጠስ ክር ይስጡኝ" አለኝ። ለምን? "የበረዶውን ሸራ ልሰፋ።" ተቀዶ ነው? "አይ፣ ቀዳዳው በዝቶ።" እኔ እኮ ዕብደት ጀመረው ብዬ ነበር! የበረዶ ሸራ ያለ ቀዳዳ በረዶውን በየት ያወርደዋል? መርፌ አያያዙን ብታዪ ደግሞ፣ መልሕቅ የሚጎትት ነው የሚመስለው።»

የሲግኔ እጅ በአየር ላይ ቀረ። «ስንት ቀዳዳ ሰፋ?»

«አሥራ አንድ። መርፌዬን ሲመልስ እንደ ልጅ እየኮራ ነገረኝ። "አንድ ሰው አለ፣ እግሩን የሚያመው፤ እሱ ሥር የሚያዳልጥ ወረቀት እንዳይኖር ነው" አለ። አንድ ሰው! እኔ ደግሞ የትናንት ልጅ ነኝ።» ቤውላ መርፌዋን ከአፏ አወጣች። «የመድረክ ኃላፊው ፍሎይድ ሦስት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፎበታል፤ ሰሌዳው ላይ ሂጂና አንብቢ። ዛሬም በረዶው ላይ ክፍተት ካየሁ ከድልድዩ አውርጄ በር ላይ አቆመዋለሁ ብሏል። ሰውዬው ግን ወይ ፍንክች። ምን ሆንሽ? ተቀመጪ፣ ልጄ፣ ፊትሽ ወረቀት መሰለ።»

ሲግኔ የልብስ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠች። ልኬቷ ትክክል ነበር። ቦታው፣ ስፋቱ፣ ቀኑ፣ ሁሉም ትክክል ነበር። ስድስት ጊዜ ሙሉ ከላይ የተላከላትን ነገር በዓይኗ አይታ፣ በእርምጃዋ ለክታ፣ ገልብጣ አንብባዋለች። ለራሷ ያላሰበችውን ያህል ያሰበላትን ሰው ጠላኝ ብላ ስትከስስ ሰነበተች። እንባዋ መጣ፤ ከሐዘን ይልቅ ግን ወደ ሳቅ የቀረበ እንባ ነበር።

✻

ወደ ድልድዩ የሚያስወጣው የብረት መሰላል ለዳንሰኛ ክልክል ነው። ሲግኔ ጫማዋን አውልቃ፣ በሱፍ ካልሲ፣ ነጩን ቀሚሷን በክንዷ ሰብስባ ወጣች።

አርቮ ሲያያት ገመዱን ለቀቀ። «ውረጂ!»

«አልወርድም።»

«ቁርጭምጭሚትሽ—»

«ወጥቻለሁ እኮ። አሁን ብትቆጣ ምን ዋጋ አለው?»

ትንፋሿን ሰበሰበች። በረዶው የተሞላበት ሸራ ከድልድዩ ጥግ እጅ በሚደርስበት ተንጠልጥሏል። አየችው። ከሸራው ዳር ዳር፣ ጣት የሚያህሉ ስንጥቆች በሮዝ ክር ተሰፍተዋል። ስፌቱ ወፍራምና ጠማማ ነው፤ ግን አንድም የላላ የለም።

«ለምን አልመለስክልኝም?» አለች ቀስ ብላ።

«መልሻለሁ።»

«አርቮ።»

እጁን በሱሪው ጠረገ። እንደሁልጊዜው መሬት ማየት አማረው፤ መሬቱ ግን ሦስት ፎቅ ታች ነው። ስለዚህ እሷን አያት።

«ደብዳቤሽ ላይ ሁለት ነገር ነበር» አለ። «አንዱን እጄ ያውቅበታል። ሌላውን አፌ አያውቅበትም። የማውቀውን ቀድሜ ልሥራ ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ አይ ያልከኝ መሰለኝ። ልጆቹ ፀጉራቸውን እያራገፉ ሲስቁብኝ፣ ሆን ብለህ የነፈግኸኝ መሰለኝ።»

ፊቱ ተለወጠ። ስለ ልጃገረዶቹ ልማድ ሰምቶ አያውቅም፤ ማን ይነግረዋል? «እኔ?» አለ። «እኔ አንቺን? ሲግኔ፣ እኔ በየቀኑ ያንን ገመድ ስስብ፣ አሥራ አምስቱ ሴቶች ላይ ምን እንደሚወርድ እንኳ አላይም። አንቺ ሥር ያለውን ጥቁር ወለል ብቻ ነው የማየው። ነጭ ነገር ከገባበት እኔ ነኝ የምወድቀው።»

ታች ፍሎይድ «ሠላሳ ደቂቃ!» እያለ በየክፍሉ ሲዞር ተሰማ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«ጥያቄው አሁንም አለ» አለች።

«አዎ» አለ አርቮ።

«አዎ፣ ጥያቄው አለ ማለትህ ነው ወይስ መልስህ አዎ ነው?»

«ጠብቂኝ» አለ። አንዴ ከወጣለት በኋላ የቀረው ተከትሎ መጣ። «እዚህ ሥራው ግንቦት ላይ ያልቃል። ሰኔ ላይ እመጣለሁ። እዚያ ድልድይ ላይ ባያወጡኝ መጥረጊያ ይሰጡኛል፤ ወረቀት መጥረግ እንደሆነ ከኔ የሚሻል የለም። ሐብታም አይደለሁም፤ ወሬም አላውቅም። እናትሽ—»

«እናቴን ተዋት። አሁን አንድ ነገር ላዝዝህ ነው።» ጫማ ማሰሪያ የምትቆርጥበትን ትንሿን መቀስ ከወገቧ አወጣች። «ክሩን ፍታው።»

«አይሆንም። ዛሬ የመጨረሻው ነው። አንዲት ሰዓት ናት፣ ከዚያ ደህና ሆነሽ ትሄጃለሽ።»

«ፍሎይድ በር ላይ ሊያቆምህ ነው።»

«ያቁመኝ።»

«እኔ አልፈልግማ! ስማኝ። በፍርሃት ደረቅ ወለል ላይ ስድስት ጊዜ ጨፍሬያለሁ። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ቀዳዳ የሚሰፋልኝ ሰው እስከ ሰኔ የለም። እንደ ሌሎቹ እኩል አውርድብኝ። ከወደቅኩ በራሴ እግር ልውደቅ። አንተ እንድታየኝ ነው የምፈልገው፤ ወለሉን እንድታይ አይደለም።»

አርቮ ታች ያለውን ወለል አየ። ከዚያ መቀሱን ተቀበላት። እሱ ክሩን እየቆረጠ፣ እሷ እየመዘዘች፣ አሥራ አንዱን ፈቱት። ጣታቸው ሦስት ጊዜ ተነካካ፤ በአራተኛው አልተላቀቀም።

✻

የበረዶው ጭፈራ በጸጥታ ይጀምራል። ሴቶቹ አፋቸውን ገጥመው ነው የሚጨፍሩት፤ የከፈተች ወረቀት ትውጣለች። ሲግኔ ከግራው ጠርዝ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ወጣች። የመጀመሪያዋ ነጭ ቁራጭ ክንዷ ላይ አረፈች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ስንት እንደሆነ የማይታወቅ፣ ለስላሳ፣ ማለቂያ የሌለው ነጭ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ወረቀቱ ከሥሯ ከዳት። ግራ እግሯ በጥቂቱ ተንሸራተተ። ከላይ ገመዱ ቆመ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል በረዶው በመላው መድረክ ላይ አልወረደም፤ አየር ላይ የነበረውም እየቀጠነ ሄደ። ሲግኔ ቁርጭምጭሚቷን አዳመጠችው። ያዛት። ክብደቷን ሰጠችው፣ ተሸከማት፣ ዙሩን ጨረሰች። በረዶው እንደገና መውረድ ጀመረ፤ ሲጀምር ግን የሚያወርደው ሰው የሳቀ ይመስል ነበር።

ከአዳራሹ ውስጥ ማንም ልብ አላለም። ከሰባተኛው ረድፍ ካሉት ወይዘሮ ሃልቮርሰን በቀር። እሳቸው እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ፣ ምንም ወደማይታይበት ጨለማ፣ ሲመለከቱ ቆዩ።

✻

ከትርኢቱ በኋላ የጀርባው በር ላይ ሦስቱ ተገናኙ። ፀሐይ ልትገባ ነው፤ ሐይቁ ግራጫ ሆኗል። አርቮ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው።

«ገመዱ ቆመ» አሉ ወይዘሮ ሃልቮርሰን።

«አዎ፣ እመቤቴ። ፍሎይድም አይቶታል። አራተኛ ማስጠንቀቂያ ጽፎልኛል።»

«እኔ በዚያ በረዶ ውስጥ አራት ገና ጨፍሬያለሁ። ሁለቴ ወድቄያለሁ። ከላይ የነበረው ሰው ገመዱን አቁሞልኝ አያውቅም።» ጓንታቸውን ቀስ ብለው አጠለቁ። «ዛሬ የዋዜማ እራት አለን። ሉተፊስክ ይበላሉ?»

«እማዬ!» አለች ሲግኔ። ያንን አያቶቿ ከአገራቸው ይዘውት የመጡትን የሚንቀጠቀጥ ነጭ ዓሣ እንግዳ ቀርቶ አባቷም የሚበላው በግድ ነው።

«ፊንላንዳዊ ነኝ» አለ አርቮ። «ከእናንተ በፊት የጀመርነው እኛ ነን።»

«እሱን ቤት ደርሰን እንከራከራለን። ለእራት ብቻ ነው የጠራሁዎት።»

«ለእራት ብቻ» አለ አርቮ በትሕትና።

የአባቷ መኪና በዚያ ብርድ አልነሳ ብሎ ነበርና ዳገቱን በእግር ተያያዙት። የዱሉት ዳገት በበጋም ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ዛሬ ደግሞ ከላይ እስከ ታች መስተዋት ሆኗል። ወይዘሮ ሃልቮርሰን ቀጥ ብለው፣ ማንንም ሳይጠጉ፣ እንደ ልማዳቸው ከፊት ሄዱ። የሁለተኛው መንገድ ጥግ ላይ ጫማቸው ከዳቸው።

«ያዘኝ እንጂ! ምን ቆመህ ታያለህ?»

አርቮ ክንዱን ሰጣቸው። ያዙት። አንድም ቃል ሳይናገር፣ እርምጃውን በእሳቸው እርምጃ ልክ እያሳጠረ፣ የጸናውን ቦታ በጫማው እየፈተነ ወሰዳቸው። ስለ ዓሣው አንድ ነገር ሲጠይቁት ሲግኔ ከኋላ ሰማች፤ ምን እንዳለ አልሰማችም፤ እናቷ ግን ሳቁ።

ዳገቱ አልቆ መንገዱ ሜዳ ሆነ። አሸዋ ተበትኖበታል፤ ከእንግዲህ የሚያዳልጥ ነገር የለም። ሲግኔ ቆማ ጠበቀች። እናቷ ክንዱን አልለቀቁም። በዚያው እንደያዙት፣ እያወሩ፣ መብራት ወደበራባቸው ቤቶች አቀኑ።

ሲግኔ አልተከተለቻቸውም፤ ወዲያው አይደለም። ከነገ ወዲያ ባቡሩ አለ፣ ከዚያም ሰኔ እስኪደርስ ስድስት ረጅም ወራት። ያንን ሁሉ ታውቀዋለች። ግን ለጊዜው፣ በዚያ ብርድ ውስጥ፣ የሁለቱን ጀርባ እያየች ስትቆም፣ የሚጎድላት ነገር ምን እንደሆነ ብትፈልግ አጣችው።